ስደተኛው መጀመሪያ የሚደርሰው ወረዳው ዘንድ ነው፤ በጀቱና ውሳኔው ግን ለምን እዚያ አይደርስም?

የመተማው ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በምዕራብ ጎንደር፣ ድንበር አካባቢ፣ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው በስልክ ነበር። ሰዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ደረሱ። ከሱዳኗ ገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ በሚያስገባው ኬላ ልጆቹን የያዘ ሱዳናዊ ቤተሰብ፣ ካርቱም ውስጥ ሻይ እየሸጠች የኖረች ኢትዮጵያዊት፣ እዚያም ስደተኛ የነበረና አሁን ለሁለተኛ ጊዜ የተሰደደ ኤርትራዊ፣ በአውቶቡስ የሚያልፍ የቱርክ ዜጋ ሳይቀር አብረው ገቡ። የረድኤት ድርጅቶች ድንኳን እስኪተክሉ፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት መዝጋቢዎቹን እስኪያደርስ ድረስ ውሃ ያቀረበው፣ ማደሪያ የፈለገው፣ ምጥ የያዛትን ሴት በባጃጅ ጤና ጣቢያ ያደረሰው የከተማው አስተዳደር፣ ቀበሌውና ነዋሪው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሚያዝያ የበጀት ዓመቱ መገባደጃ ነው። በዚያ ወር የአንድ ቆላ ወረዳ መጠባበቂያ በወባ ዘመቻና በነዳጅ አልቋል ማለት ይቻላል። አስተዳዳሪው ካቢኔውን ሰብስቦ ከደመወዝ የተረፈውን ሥራ ማስኬጃ ያገላብጣል፤ ከዚያ ወዲያ እጁ ባዶ ነው። ወረዳ የሚደጎመው ለነዋሪው ነው። ኬላውን ተሻግሮ የመጣው ሰው እዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ጤና ጣቢያው ግን «አንተ አልተቆጠርክም» ብሎ በሽተኛ አይመልስም፤ መመለስም የለበትም።

በጣም የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። መተማ ሰው ማስተናገድ ያውቃል። በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ሳሉጉ (የወቅት የቀን ሠራተኛው) ከደጋው በብዙ ሺህ ይወርዳል። የት እንደሚያድር፣ ውሃ የት እንደሚያገኝ፣ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ) እና ወባ የት እንደሚበረታ፣ ክረምት የትኛው መንገድ እንደሚቆረጥ የቀበሌው ሰው በቃሉ ያውቀዋል። የመጠለያ ቦታ ሲመረጥ ግን ይህ ሰው የሚጠራው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔም መሬቱን እንዲያስረክብ።

ስደተኛን መቀበልና ዕውቅና መስጠት የፌዴራል ሥልጣን ነው፤ እሱ ይሁን። ነገር ግን ሥራው በተግባር ወደ ወረዳ ከወረደ፣ ገንዘቡና ድምፁም አብሮ ይውረድ ነው የምለው። እናንተ ባላችሁበት አካባቢ እንዴት ነው የሚሠራው?

---

ሲስተር ከጎንደር

ወንድሜ፣ ስለ ጤና ጣቢያው ያልከው ልክ ነው፤ እኔ ልጨምርበት። በነሐሴ 2015 በምዕራብ ጎንደር በነበረው ኩመር የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ኮሌራ ተነሳ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ታውጆ፣ መንገድ እየተዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት እየተቋረጠ ባለበት ጊዜ ነው። ክሎሪን፣ ግሉኮስና ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው ንጥረ ነገር) ማድረስ ራሱን የቻለ ጦርነት ሆኖ ነበር።

በዚያ ሰሞን ጎልቶ የታየኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሥራ ነው። እነሱ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከወረዳ ነው፤ ከየትኛውም ፕሮጀክት አይደለም። ፕሮጀክት ያመጣው ባለሙያ «ለደኅንነት» ተብሎ ወደ ከተማ ሲመለስ እነሱ አልሄዱም፤ ቤታቸው እዚያው ነዋ! በእግራቸው እየዞሩ ውሃ አፍልቶ መጠጣትን ያስተማሩት፣ ታማሚ የለዩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ድንገተኛ ጊዜ ሲመጣ አዲስ ቡድን ከማቋቋም በፊት ያለውን ማጠናከር ይቅደም። መድኃኒቱ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መጋዘን አስቀድሞ ቢገባ፣ መንገድ ቢዘጋም ሥራ አይቆምም ነበር።

---

ሒሳብ መርማሪ

ሁለታችሁንም አከብራለሁ። ግን ይህን ሐሳብ ገንዘብ ሲወጣና ሲገባ ባየ ሰው ዓይን ላየው።

በ2015 ሰኔ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ያቆሙት ለምን ነበር? እርዳታው ከታለመለት ሰው እጅ እየወጣ ገበያ ላይ ስለተገኘ ነው። ስደተኛውም ሳይቀር ለወራት ራሽን ተቋረጠበት፤ እስከ 2016 ጥቅምት ድረስ። ያጠፉት ሌሎች፣ የተራቡት ሌሎች። ያን ጊዜ የተፈተነው የታችኛው መዋቅር ጭምር ነው፤ ተረጂ የሚለየው፣ ዝርዝር የሚይዘው፣ መጋዘን የሚጠብቀው ቀበሌና ወረዳ ነበር። አሁን «ገንዘቡ ወደ ወረዳ ይውረድ» ስንል ረጂው የሚጠይቀን የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። መልስ ሳናዘጋጅ መጠየቅ ስደተኛውን ነው የሚጎዳው።

ሁለተኛ፣ የወረዳ አስተዳዳሪ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ዛሬ የፈረመው ነገ የለም። ለማን ነው ገንዘቡን የምታወርደው?

---

ባሮ ዳር

የውሃ መሐንዲስ ነኝ፤ ጋምቤላ ብዙ ሠርቻለሁ። ለሒሳብ መርማሪ መልስ ይሆናል ብዬ የማስበውን የኢታንግን (የጋምቤላ ወረዳ ነው) ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ጉዳዩ ብዙ አይወራለትም።

ደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ስትፈርስ በጥቂት ወራት ውስጥ በፓጋክና በሌሎች የድንበር በሮች የገባው ሰው ቁጥር ክልሉ ሊሸከመው የሚችል አልነበረም። የጋምቤላ ሕዝብ በ1999 ቆጠራ ከ300 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ነበር፤ ዛሬ ክልሉ ውስጥ ያለው ስደተኛ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። መጀመሪያ ከተከፈቱት መጠለያዎች አንዱ ሌይቹዎር ነው። ክረምቱ ሲመጣ ቦታው በጎርፍ ተዋጠ፤ ሰዉ ድንኳኑን ጥሎ ወጣ፤ በኋላም ጀዊ የሚባል አዲስ መጠለያ ተከፍቶ ወደዚያ ተዛወረ። ባሮ ሲሞላ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የአኙዋክና የኑዌር ሽማግሌ ሳተላይት ሳያስፈልገው ያሳይሃል። የመተማው ልጅ ስለ ቦታ ምርጫ ያልከው ለዚህ ነው ልቤን የነካኝ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ውሃ በቦቴ ነበር የሚመላለሰው። ቦቴ ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን ገንዘብ ይበላል፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ ረጂው የከፈለው ሁሉ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። በኋላ በዩኒሴፍ አስተባባሪነት፣ በጀርመንና በሌሎች መንግሥታት ገንዘብ አንድ ትልቅ የውሃ መስመር ተሠራ። ባሮ ዳር ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ተስቦ የኢታንግን ከተማ፣ ቱርፋምን፣ እንዲሁም ቲርኪዲ፣ ኩሌና ንጉኝየል የሚባሉትን የስደተኛ መጠለያዎች በአንድ ላይ ያጠጣል። ወደ 250 ሺህ ሰው ማለት ነው።

ቧንቧው ራሱ አይደለም ቁም ነገሩ። መስመሩን የሚያስተዳድረው የኢታንግ ውሃ አገልግሎት የሚባል ተቋም መሆኑ ነው። የራሱ ቦርድ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ የራሱ ቴክኒሻኖች አሉት። ነዋሪው እንደማንኛውም ከተማ ይከፍላል፤ የስደተኛው ወጪ ደግሞ በአብዛኛው በረጂ ይሸፈናል፤ ግን ለዚያው ተቋም ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ፓምፕ ሲበላሽ «የካምፑ ነው፣ የከተማው ነው» የሚባል ክርክር የለም። አስተዳዳሪው ቢቀየር ተቋሙ አይቀየርም።

ችግር የለበትም አልልም። የነዳጅና የመለዋወጫ ወጪ ሁልጊዜ ያስጨንቃል፤ ሥልጠና የወሰደ ቴክኒሻን የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ነገር ግን ለወረዳ ገንዘብ መስጠትን የሚፈራ ሰው ይህን መንገድ ይየው። አስተዳዳሪው ቢሮ ገንዘብ ከመላክ ይልቅ አገልግሎት የሚሰጥ የአካባቢ ተቋም ይገንባ፤ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ሒሳቡ የሚመረመር።

---

ዶሎ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ከሶማሌ ክልል ነኝ፤ አማርኛዬ ከተሳሳተ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጥር 29 ቀን 2015 ከድንበር ማዶ ላስ አኖድ ከተማ ላይ ውጊያ ሲጀመር ወደ ቦህ፣ ገልሃሙርና ዳኖድ ወረዳዎች የገባው ሰው ወደ 100 ሺህ ይገመት ነበር። አብዛኛው ሴትና ልጅ ነው። እኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ አምስት ወቅት ዝናብ የጠፋብን፣ ከብታችን ያለቀብን ሰዎች ነበርን። ጉም ደይርም (ሁለቱ የዝናብ ወቅቶቻችን) ቀርተው ቢርካዎቹ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎቹ) ደርቀው ነበር።

ሰው ቤቱን ከፈተ። አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ አደረ። ትምህርት ቤቱ ማደሪያ ሆነ፤ ተማሪው ወጥቶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ጎሣው አንድ ስለሆነ «ስደተኛ» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም፤ እንግዳ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹና ወረዳው ተነጋግረው ሚርቃን የሚባለውን ቦታ ሰጡ። ሚርቃን የታሰበው እንደ ድሮ ካምፕ ሳይሆን እንደ መንደር ነው። የሚሠራው ጤና ጣቢያና ውሃ ለሁለቱም እንዲሆን፣ በኋላም የክልሉ ቢሮዎች እንዲረከቡት።

ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የቀብሪበያህን ታሪክ አውቃለሁ። ያ መጠለያ የተከፈተው በ1983 ነው። እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ አግብቶ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው አለ። ከጀረር ሸለቆ የመጣው ውሃ ለከተማውም ለስደተኛውም ስለሆነ ብቻ ነው በውሃ ጠብ ያልኖረው። የተለየ ትምህርት ቤት፣ የተለየ ክሊኒክ ሠርተህ ዓመታት ሲያልፉ ማዋሃድ ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መሥራት ይቀላል።

የጎደለውን ደግሞ ልናገር። የሠጠነውን መሬት የሰጠነው በቃል ነው። የግጦሽ መሬት ነበር። ለአርብቶ አደሩ ምን ተተካለት? ወረዳው ይህን የመጠየቅ አቅም ቢኖረው ኖሮ ገና ሲሰጥ በጽሑፍ ይስማማ ነበር።

---

የመተማው ልጅ

ዶሎ፣ አማርኛህ ምንም አልጎደለውም፤ ስለ መሬቱ ያነሳኸውን እኛም አንስተን መልስ ያላገኘንበት ነው።

ሒሳብ መርማሪ፣ ያነሳኸው የምግቡ ጉዳይ እውነት ነው፤ አልሸሽም። ነገር ግን ከማዕከል የሚመራ ሥራም ተጠያቂነት የሌለበት ጊዜ አለ። የጸጥታውን ነገር ተመልከት። ኩመርና አውላላ የሚባሉት መጠለያዎች የተቀመጡት ከዋናው መንገድ ዳር፣ የታጠቀ ሰው በሚንቀሳቀስበት ጫካ አጠገብ ነው። ዘረፋው፣ እገታው፣ ተኩሱ ሲበዛ በሚያዝያ 2016 ከሺህ የሚበልጡ ስደተኞች ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ወጡ፤ መንገድ ላይ ከታገዱ በኋላም ጫካ ዳር ለሳምንታት ተቀመጡ። በመጨረሻ ሁለቱም መጠለያዎች ተዘግተው ሰዉ አፍጥጥ ወደሚባለው ቦታ ተዛወረ።

እነዚህን ሰዎች መጠበቅ የማን ነበር? የመጠለያው አስተዳደር የፌዴራል ነው፤ ጥበቃው ላይ የሚቆመው ፖሊስና ሚሊሻ ግን የአካባቢው ነው፤ ራሱም በግጭቱ የተጎዳ። ጥይትም፣ ነዳጅም፣ ሬዲዮም በጎደለው የቀበሌ ሚሊሻ ላይ ይህን ሁሉ ኃላፊነት ጥሎ ከዚያ «አልጠበቃችሁም» ማለት ፍርድ አይደለም። ሱዳናዊቷ እናትም ጦርነት ሸሽታ ወደ ሌላ ጦርነት መግባቷ እስከ ዛሬ ያመኛል።

---

ሀና ፍራንክፈርት

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፤ ራሴም በስደት የመጣሁ ነኝ። እዚህ ያየሁትን ላካፍላችሁ፤ ለማወዳደር ሳይሆን አሠራሩ ከመተማው ልጅ ጥያቄ ጋር ስለሚገናኝ።

የጥገኝነት ሕጉ እዚህም የፌዴራል ነው። ማደሪያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ግን የክፍለ ሀገሩና የከተማው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 890 ሺህ ሰው ሲገባ የስፖርት አዳራሾች ሳይቀሩ ማደሪያ ሆነው ነበር። ሰው የሚከፋፈለው በቀመር ነው። ለየክፍለ ሀገሩ የሚደርሰው ድርሻ ሁለት ሦስተኛው በግብር ገቢው፣ አንድ ሦስተኛው በሕዝቡ ብዛት ይሰላል። ማለትም ሀብታሙ ብዙ ይወስዳል። በእኛ አገር ግን የሚሸከመው ድንበር ላይ የተቀመጠው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከድሆቹ አንዱ ነው።

ገንዘቡስ? ከተሞቹ ለዓመታት «አልቻልንም» ብለው ሲጮኹ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍላተ ሀገራቱ ተስማምተው፣ ከ2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አዲስ ጥገኝነት ጠያቂ በዓመት 7,500 ዩሮ ከፌዴራል እንዲከፈል ሆነ። ሰው ሲበዛ ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል። ከተሞቹ ዛሬም አይበቃንም ይላሉ። ቢሆንም መርሁ ቁርጥ ያለ ነው፤ ገንዘቡ ሰውየውን ይከተላል። እኛም አገር የብሩ መጠን ሌላ ቢሆን፣ መርሁን መውሰድ የሚከለክል ነገር አይታየኝም።

---

ኣስመሪና

ስደተኛ ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ስለ እኛ ስትወያዩ አንድ ቃል ልጨምር ብዬ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ብዙ ነገር ይሰጠናል። መሥራት፣ መማር፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ልደትና ጋብቻ ማስመዝገብ። ካነበብኩት ሕግ ሁሉ ለእኛ የሚራራ ነው፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ሕጉ የሚፈጸመው ግን መስኮት ላይ በተቀመጠ ሰው ነው። ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩበት ቦታ ሠራተኛዋ የስደተኛ መታወቂያዬን ገልብጣ አይታ «ይህን አናውቀውም» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ማንም አልነገራትም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ መመሪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ አንብቦ በሰዓታት ውስጥ ጨረሰልኝ፤ «ልጅሽን ያሳድግልሽ» ብሎም ሸኘኝ።

ስለዚህ ስለ ድንኳንና ስለ ቦቴ ስታወሩ፣ ለቀበሌና ለወረዳ ሠራተኛ ስለሚሰጥ ሥልጠናም አውሩ። አሁን ፋይዳ (ዲጂታል መታወቂያው) ለስደተኛም መሰጠት ጀምሯል። ያ ቁጥር ያለው ሰው በየመስኮቱ ተመሳሳይ መልስ ማግኘት አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

---

ሲስተር ከጎንደር

እህቴ ኣስመሪና፣ እንኳን ጻፍሽ። ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

---

ሒሳብ መርማሪ

የኢታንጉ ምሳሌ አሳምኖኛል፤ ቢያንስ ለውሃ። አንድ ነገር ልጨምርበት። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ስደተኛ ለሚያስተናግዱ ወረዳዎች 100 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በግብርና ሚኒስቴር በኩል፣ በወረዳና በቀበሌ መዋቅር አሠርቷል፤ ከዚያም በ2022 180 ሚሊዮን ጨምሮ ሁለተኛ ምዕራፍ ቀጠለ። ቀበሌው ራሱ ተሰብስቦ የመማሪያ ክፍል ይሁን፣ ጤና ኬላ ይሁን፣ መስኖ ይሁን ይመርጣል፤ ገንዘቡ በደረጃ ይለቀቃል፤ ሒሳቡ ይመረመራል። ስለዚህ «ወረዳ ገንዘብ መያዝ አይችልም» የሚለው በጅምላ ልክ አይደለም፤ ይህን እኔም እቀበላለሁ።

ግን ያ የልማት ገንዘብ ነው። የመተማው ልጅ የጠየቀው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ለዚያ የሚሆን የገንዘብ ቋት የለንም። እኔ ቢሆን የማቀርበው ይህ ነው፤ ድንበር ላይ ያሉ ወረዳዎች ብቻ የሚጠቀሙበት፣ በክልል ፋይናንስ ቢሮ የሚቀመጥ፣ የራሱ የሒሳብ ኮድ ያለው የድንገተኛ አቀባበል መጠባበቂያ። በቀን የሚገባው ሰው ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ የካቢኔ ስብሰባ ሳይጠበቅ ይለቀቅ። የወጣው ሁሉ ደግሞ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስንት ቦቴ፣ በስንት ብር፣ ከማን እንደተገዛ። ነዋሪው ዋጋውን ያውቃል፤ ከኦዲተር በፊት እሱ ይይዝሃል።

---

ባሮ ዳር

ይህን አሁን ማሰብ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። በጥቅምት 2018 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለ780 ሺህ ስደተኞች ራሽኑን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደው። ገንዘብ አጥቶ ነው። ራሽን ሲቀንስ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። እንጨት ቆርጦ ይሸጣል፣ ከሰል ያከስላል፣ በዝቅተኛ ዋጋ ጉልበቱን ይሸጣል። የአካባቢው ወጣት ደግሞ የቀን ሥራው ዋጋ ወረደበት ብሎ ያኮርፋል። ጋምቤላ ውስጥ ጠብ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከጫካ ዳር ነው፤ ሴቶቹ እንጨት ሊለቅሙ ሲወጡ። ያን ጠብ የሚዳኘው ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም አይደለም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርና ሽማግሌው ናቸው።

---

ዶሎ

ልክ ነው። እኛም ጋ ግጦሹ ላይ እንዲሁ ነው።

ሒሳብ መርማሪ ባቀረብከው ላይ የመሬቱን ስምምነት ጨምርበት እባክህ። መሬት ሲሰጥ ስፋቱ፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ ለግጦሹ የሚተካው ነገር ተጽፎ ወረዳውም፣ ሽማግሌዎቹም፣ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤትም ይፈርሙበት።

---

የመተማው ልጅ

እጨምረዋለሁ። የክልሉ ምክር ቤት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ከማጽደቁ በፊት፣ ከድንበር ወረዳዎች የመጡ አባላት ሊያነሱት የሚችሉት አጭር ሐሳብ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር እያዘጋጀሁ ነው። የመጠባበቂያውን ሒሳብ ኮድ፣ የዶሎን የመሬት ስምምነት፣ ኣስመሪና ያለችውን የመስኮት ሠራተኞች ሥልጠና፣ ሲስተር ያሉትን የመድኃኒት ክምችት አስገባለሁ። ባሮ ዳር፣ የኢታንግ ውሃ አገልግሎት የተቋቋመበትን ደንብ ማየት ብችል ደስ ይለኛል። አፍጥጥ አካባቢ ያሉት ቀበሌዎችና መጠለያው በአንድ መስመር ቢጠጡ ማንን መጠየቅ እንዳለብን ከዚያ እንማራለን።

---

ባሮ ዳር

ደንቡን ከክልሉ ውሃ ቢሮ በደብዳቤ ብትጠይቅ ይሰጡሃል፤ የሕዝብ ሰነድ ነው። ስታነበው ስለ ታሪፍ የሚያወራውን ክፍል በደንብ እይ። ስደተኛው የሚጠቀመውን ውሃ ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ በየትኛው ቆጣሪ ተነቦ እንደሚከፍል ገና ቧንቧ ሳይቀበር ካልተፈራረማችሁ በኋላ አይሆንም። ቆጣሪውን መጠለያው መግቢያ ላይ አስተክሉ፤ ሁለቱም ወገን አብረው ያንብቡት።